በየማለዳው የሚቀጠር ልጅ

ሰው በዕድሜው ስንት ጊዜ ሥራ ይቀጠራል? ዕድለኛው አንዴ ተቀጥሮ እዚያው ያረጃል፤ ዕድል ፊቷን ያዞረችበት ደግሞ ከአንዱ በር ወደ ሌላው ሲንከራተት ዕድሜው ያልቃል። ይህ የማወራላችሁ ሰውዬ ግን ሃምሳ ዓመት ካለፈው በኋላ፣ መቀስ መያዝ በተማረበት በገዛ አባቱ ፀጉር ቤት፣ በየማለዳው እንደ አዲስ ይቀጠር ነበር። ቀጣሪውም አባቱ ናቸው።

ጠዋት ሱቁን ይከፍትና ወለሉን ጠርጎ፣ ፎጣዎቹን አጣጥፎ ሲጨርስ ወደ ውጭ ወጥቶ ከበሩ አጠገብ ይቆማል። ጥቂት ቆይቶ እናቱ አባቱን ክንዳቸውን ይዛ ከመንገዱ ማዶ ብቅ ትላለች። አባቱ ነጩን ጋዋናቸውን ከቤት ለብሰው ነው የሚመጡት፤ አንዱ ቁልፍ የሌላውን ቀዳዳ ይዞ፣ ጋዋኑ ወደ አንድ ጎን ተንጋዶ። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆም ይሉና ከእግር እስከ ራሱ ያዩታል።

«ምን ፈልገህ ነው ወንድሜ?»

«ሥራ ፈልጌ ነው ጋሼ። ፀጉር አስተካካይ ነኝ።»

«አንተ?» ይሉና ዓይናቸው ከግንባሩ ተነሥቶ እስከ ማጅራቱ ድረስ አንዲት ፀጉር ያልቀረችበትን አናቱን ይዞረዋል። «ፀጉር የሌለው ፀጉር አስተካካይ ደግሞ ምን የሚሉት ነው? ጥርስ የሌለው የጥርስ ሐኪም አይተህ ታውቃለህ?»

ቀልዷ በየቀኑ ያቺው ናት። እሱም በየቀኑ ይስቅላቸዋል። በቀጣሪው ቀልድ የማይስቅ ሥራ ፈላጊ የት አለ?

«በል ግባ፣ እጅህን ልየው» ይላሉ ከዚያ።

በዚያ ቤት የመቀጠሪያ ፈተናው ከጥንትም አንድ ነው። ምስክር ወረቀት አይጠየቅም፣ ዋስ አይጠራም። ባለቤቱ ራሳቸው ወንበሩ ላይ ይቀመጡና ምላጫቸውን ከጋዋናቸው ኪስ አውጥተው ለሥራ ፈላጊው ያቀብሉታል፤ ከዚያ አንገታቸውን ወደ ኋላ አስደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «ላጨኝ» ይላሉ። የሚንቀጠቀጥ እጅ ደንበኛ ላይ ከሚሞከር እኔ ላይ ይሞከር ባይ ናቸው። በዚህ ፈተና የወደቀ ብዙ ነው። አንዱማ ሳሙናውን ቀብቶ ከጨረሰ በኋላ ጉሮሯቸውን ሲያይ ወኔው ከድቶት፣ «ይቅርብኝ ጋሼ» ብሎ ጃኬቱን እንኳ ሳያነሣ እብስ አለ። ልጃቸው ግን ይህን ፈተና ጎረምሳ ሳለ አንዴ አልፎታል፤ አሁን ደግሞ በየማለዳው ያልፈዋል።

ላጭቶ ሲጨርስ አባቱ ጉንጫቸውን ሽቅብ ቁልቁል ይዳስሳሉ። «መጥፎ አይደለህም። ሁለተኛው ወንበር ያንተ ነው» ይላሉ። ከዚያ መዳፋቸውን ዘርግተው ምላጩን ይጠብቃሉ። አንድ ቀን ልጁ እንደ ዘነጋ ሰው ምላጩን ይዞ ወደ ወንበሩ ዞር ለማለት ሞክሮ ነበር። አባቱ መዳፋቸውን እንደ ዘረጉ ቁጭ አሉ። አልተቆጡ፣ አልጠየቁ፤ እጃቸው እስኪሞላ ድረስ ሥራም አልተጀመረ።

አባቱን አገር ምድሩ የሚያውቃቸው «እጀ ቀላል» በሚል ነው። የወጣላቸውን ስም የሚያስታውስ ከሚስታቸው ሌላ መኖሩን እንጃ። እጃቸው ፊት ላይ ማረፉ አይታወቅም ነበር፤ እንቅልፍ አልወስድ ያለው ሰው እሳቸው ወንበር ላይ ያንኮራፋል። የመጀመሪያ ፀጉሩን እያለቀሰ የቆረጡለት ሕፃን ጎርምሶ፣ ለሠርጉ ተላጭቶ፣ የራሱን አልቃሻ ይዞላቸው መጥቷል።

ሰውን የሚያውቁትም በፀጉሩ ነበር። ፊትና ስም ብዙ አይገዳቸውም። መንገድ ላይ ሰላም የሚላቸውን ሰው ፊቱን ገርመም ያደርጉና «እስቲ ዙር» ይሉታል፤ ሲዞር ማጅራቱን አይተው «አሃ! አንተ ነህ እንዴ!» ብለው ያቅፉታል። የልጃቸው ፀጉር ደግሞ መኩሪያቸው ነበር፤ ጥቅጥቅ ያለ፣ ማበጠሪያ የሚሰብር፣ አናቱ ላይ በአንድ ፈንታ ሁለት ቦታ የሚዞር። ከእሳቸው በቀር ማንም መቀስ አላሳረፈበትም። አርባ ዓመት ሳይሞላው ያ ሁሉ ፀጉር እየረገፈ ሲያልቅ ከእሱ ይልቅ ያዘኑት እሳቸው ናቸው፤ ያልቀቡት ቅባት የለም። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጠው የቀረችውን ራሳቸው ላጩለትና ጨርቁን ሲያራግፉ፣ «እንግዲህ አንተን በምን ልለይህ ነው?» አሉ። ሱቅ ውስጥ የነበረ ሁሉ ሳቀ። ልጁም ስቆ ነበር።

መርሳቱ መቼ እንደ ጀመረ በውል የሚናገር የለም። መቀስ ይጠፋል፣ ሳሙና ፎጣ መደርደሪያው ላይ ይገኛል፤ ይህ ማንም ላይ የሚደርስ ነው። በኋላ ግን የመድኃኒት ቤቱን ሰውዬ ግማሽ ፀጉሩን ቆርጠው ጨርቁን አራገፉና «በደህና ዋል» አሉት። ሰውየውም ይሉኝታ የሚገድለው ነውና አንድ ቃል ሳይተነፍስ ወጣ፤ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ሌላውን ግማሽ ልጁ ጋ አስቆረጠ። ተሳቀ። እሳቸውም አብረው ሳቁ። «እርጅና ነው» ተባለ። እርጅና የምትባለዋ ቃል ስንቱን ጉድ ሸፍና እንደምታሳድር!

ሐኪም ቤት የተሄደው ከስንት ጭቅጭቅ በኋላ ነው። ሐኪሟ ቀና ሴት ነበረች፤ ነገር አላድበሰበሰችም። «በሽታ ነው። እልህም ስንፍናም አይደለም። መድኃኒቱ ያዘገየዋል እንጂ አያድነውም» አለችና፣ «የለመዱትን ሥራና የለመዱትን ቦታ እስከ ተቻለ ድረስ አታስቀሩባቸው» ብላ አሰናበተቻቸው። ምክር ቀላል ነው፤ የለመዱት ሥራ ምላጭ መያዝ መሆኑን ማን ይንገራት?

ከዚያ አንድ ጠዋት ልጁ እንደ ወትሮው ሱቁን ከፍቶ በሩ ላይ ሲጠብቃቸው፣ አባቱ «ምን ፈልገህ ነው ወንድሜ?» አሉት።

መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ሊስቅ አፉን ከፍቶ ነበር። ዓይናቸውን ሲያየው ሳቁ አፉ ውስጥ ቀረ። ትሕትና ነበር ዓይናቸው ውስጥ የነበረው፤ ሰው ለማያውቀው ሰው የሚያሳየው ትሕትና። እናቱ ከኋላቸው ሆና ራሷን ነቀነቀች፤ አትናገር ማለቷ ነው። ምን ይበል? ዞሮ ይሂድ? ሳያስበው «ሥራ ፈልጌ ነው ጋሼ» የሚለው ቃል ከአፉ ወጣ። በዚያን ዕለት ተፈተነ፣ ተቀጠረ።

በነጋታውም እንዲያው። በሳልስቱም።

ነገሩ ግን ክፋት ብቻ አልነበረውም። አባቱ ቤት ውስጥ ሰው አያስጠጉም ነበር፤ ፊታቸውን ልታጥብ እጇን የዘረጋችውን ሚስታቸውን «እመቤት፣ ደግም አይደል» ብለው ይመልሷታል። ፀጉር ቤቱ ሲደርሱ ግን በፈተናው ሰበብ ዓይናቸውን ጨፍነው ፊታቸውን ይሰጣሉ። ልጁም ላጭቶ፣ ጆሮና አንገታቸውን በሞቀ ፎጣ ጠርጎ፣ ጥፍራቸውን ሳይቀር ይቆርጥላቸዋል። «እጅህን ያጥናልኝ» ትለዋለች እናቱ። «እኔ ሳምንት ሙሉ የማልችለውን አንተ ተቀጥረህ ጨረስከው።»

ጭንቁ ከፈተናው በኋላ ነው። አባቱ ምላጩን ተቀብለው ከመስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበራቸው ጀርባ ይቆማሉ፤ ደንበኛ ይጠብቃሉ። ያ ምላጭ አጣጥፈው ኪስ የሚከቱት የድሮ ምላጭ ነው፤ ለአንድ ብልጭታ ሐሳባቸው ቢጠፋ ስሕተትን ይቅር የሚል አይደለም። ልጁ የሚመጣውን ሰው እያግባባ ወደ ራሱ ወንበር ይስባል፤ የአባቱ ወንበር ላይ የሚቀመጠው እያወቀ የሚቀመጥ ወዳጅ ብቻ ሆነ። እሱ የሰው ፀጉር እየቆረጠ ዓይኑ ግን የአባቱ እጅ ላይ ነው። ምላጩን ሳያዋርዳቸው ከእጃቸው የሚያወጣበት ዘዴ ብቻ ነበር ሌት ተቀን የሚያብሰለስለው።

ዘዴማ ያልሞከረው የለም። አንድ ጊዜ ሱቁን ሲዘጋ ምላጩን ከአባቱ ኪስ ሰርቆ ከድንጋይ ጋር አፋጭቶ አደነዘዘውና መለሰው። ጠዋት አባቱ ስለቱን በአውራ ጣታቸው ዳበሱና ፊታቸው ጠቆረ። «ይሄን ምላጭ ማነው የገደለው?» አሉ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የምላጭ መሳያ ቆዳ ሳቡ፤ ወዲያ ወዲህ፣ ወዲያ ወዲህ። የሚስታቸውን ስም የረሳው ሰውነት ይህን አልረሳም። ምላጩ ከበፊቱ ይልቅ ሰላ፤ ልጁም ሳይቀጠር ተባረረ። ሌላ ጊዜ መሳቢያ ውስጥ ደበቀው። አባቱ ሱቁን ገለባብጠው ሲያበቁ ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው «ሰረቁኝ፣ በሽምግልናዬ ሰረቁኝ» እያሉ አነቡ። መሳቢያውን ከፍቶ ያወጣላቸው ራሱ ደባቂው ነው።

ከእነዚያ እያወቁ ከሚቀመጡት ወዳጆች ዋናው ሾፌሩ ነበር። ዕድሜ ልኩን የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ አሁን ጉልበቱ አልታዘዝ ቢለው ቤት ውሏል፤ አፉ ግን ጡረታ አልወጣም። «እኔ ፍሬን በሌለው መኪና ቁልቁለት የወረድኩ ሰው ነኝ፣ አንድ ምላጭ ያስፈራኛል?» እያለ ይቀመጣል። ልጁ ከጎን ሆኖ ነፍሱ እስክትወጣ ይጨነቃል።

አንድ ቀን ሾፌሩ እንደ ልማዱ ወሬውን ሲያንደቀድቀው አባቱ የግራ ጉንጩን ላጭተው ወደ አንገቱ ወረዱ። በዚህ መሀል ውጭ አንድ መኪና ጥሩምባውን ሲያስጮህ አባቱ ወደ መስኮቱ ዞሩ። እጃቸው እዚያው የሰውየው ጆሮ ሥር ነው። ሲመለሱ ፊታቸው ባዶ ነበር፤ ሰውየውንም፣ ሳሙናውንም፣ በእጃቸው የያዙትንም ነገር ገና አሁን የሚያዩት ይመስላሉ። ልጁ መቀሱን ጥሎ ዘለለ፤ አልደረሰም። ምላጩ ወደ ጎን ሄደ፣ ነጩ አረፋ ቀላ።

«ምንም አይደል! ምንም አይደል! እኔ ነኝ የተነቃነቅኩት!» ሾፌሩ ፎጣውን ነጥቆ አንገቱ ላይ ያዘ።

አባቱ ደሙን አዩ። «ማነው ይሄን ሰው እንዲህ ያደረገው?» አሉና ዞረው ልጁን አዩት። «አንተ ነህ?»

ልጁ ሾፌሩን አየ፤ ሾፌሩ አቀረቀረ።

«እኔ ነኝ ጋሼ። ይቅርታ።»

«ውጣልኝ! እዚህ ቤት ደም ፈስሶ አያውቅም። ውጣ ከቤቴ!»

ወጣ። ከመንገዱ ማዶ ቆሞ፣ እናቱ መጥታ እስክትወስዳቸው ድረስ በመስኮቱ አባቱን ሲያይ ቆየ። አንገቱ የተቆረጠው ሾፌሩ እኮ ነው አጠገባቸው ተቀምጦ የሚያባብላቸው።

ነገሩ እህቱ ጆሮ ለመድረስ አልዘገየም። ታላቁ ናት፤ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ስለሆነች ቤተሰቡንም በስብሰባ መልክ ነው የምታነጋግረው። የእናታቸው ሳሎን መሀል ቆማ፣ «ትንሽ ወደ ታች ቢሆንስ ኖሮ?» አለች። «ጋሼ ጋሼ እያልክ ተቀጣሪ ተቀጣሪ ስትጫወት ሰው ልታስገድል ነው። ልጁ አይደለህም እንዴ? እንደ ልጅ ፊቱ ቁምና ‹አባባ፣ በቃህ፣ ስጠኝ› በለው!»

ክፉ ሆና አይደለም፤ ፈርታ ነው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ልጁም ይህን የሚለው ሰው ሲፈልግ ነበር። ጋሼ ማለት አንገፍግፎታል። አባባ ማለት ናፍቆታል። በየማለዳው ያ ወንበር ላይ ላጭቷቸው ሲጨርስ፣ ዛሬ ዓይናቸውን ሲገልጡ ያውቁኝ ይሆን እያለ ሲጠብቅ ኖሯል፤ ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

በነጋታው በሩ ላይ አልቆመም። ውስጥ ሆኖ ጠበቃቸውና ገና እንደ ገቡ፣ «አባባ፣ ዛሬ ሥራ ልቀጠር አልመጣሁም» አላቸው። «ልጅህ ነኝ። ምላጩን ስጠኝና አንተ ዕረፍ።»

አባቱ ሳቁ። «ይሄን ምላጭ ከልጄ በቀር ለማንም አልሰጥም። ቆይ፣ አሁን ይመጣል።»

«እኔ ነኝ እኮ!»

«አንተ? አንተ እኮ እኔን ታክላለህ! የኔ ልጅ ጎረምሳ ነው። ፀጉሩን ብታየው ማበጠሪያ ይሰብራል።»

«ያ ፀጉር የኔ ነበር። የቀረችውን ራስህ አይደለህ እንዴ የላጨኸኝ? መጀመሪያ መቀስ የሰጠኸኝ ቀን የእማዬን መጋረጃ ቆርጬ በእጅህ ጥፊ...»

«ይሄን ማን ነገረህ?» የአባቱ ሳቅ ጠፋ። «የቤቴን ነገር ማነው የሚነግርህ?»

እዚህ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት! እናቱ «ተው ልጄ» ብላዋለች። እሱ ግን አንዴ የተከፈተ ሆዱ አልዘጋ አለው። አባቱን ትከሻቸውን ይዞ ወደ ትልቁ መስታወት መለሳቸው፤ ጉንጩን ከጉንጫቸው ጎን አድርጎ፣ «እየን እስቲ፤ አፍንጫውን እየው፣ አገጩን እየው» አላቸው።

አባቱ መስታወቱን አዩ። ረጅም ጊዜ አዩ።

«ማነው ያ ሽማግሌ?» አሉ። «ያ ሽማግሌ ምላጬን ለምን ያዘው?»

ምላጩን ከፍተው ወደ መስታወቱ ቃጡ። መስታወቱ ውስጥ ያለውም ቃጣባቸው። ጮኹ። ልጁ እንዲህ ያለ ጩኸት ከአባቱ አፍ ሰምቶ አያውቅም፤ ምርጫ ቢኖረው ኖሮ ከዚያች ሰዓት በፊት መሞትን ይመርጥ ነበር። እናቱ ናት መሀል ገብታ በመዳፏ ዓይናቸውን የሸፈነችው፤ ምላጩን ሳትፈራ አቅፋ ይዛቸው ወጣች።

ከዚያ በኋላ አባቱ ፀጉር ቤት አልሄድም አሉ። ቤት ውስጥ ጥግ ይዘው፣ ጋዋናቸውን ለብሰው፣ እጃቸውን ከኪሳቸው ሳያወጡ ይውላሉ፤ ኪሱ ውስጥ ምላጩ አለ። ሰው ሲጠጋቸው አጥብቀው ይይዙታል። ፂማቸው አደገ፣ ጥፍራቸው ቆሸሸ፣ ውኃ ፊታቸውን ካገኘው ሰነበተ። ልጁ ሊጠይቅ ሲመጣ ግድግዳውን ተደግፈው ይነሡና «ያ ሰውዬ መጣ» እያሉ ይንቀጠቀጣሉ። ስሙን ረስተዋል፣ ውለታውን ረስተዋል፣ ልጅነቱን ረስተዋል፤ ፍርሃቱን ግን አልረሱትም። የትኛው ፍርድ ነው እንዲህ የሚፈርድ?

እናቱ ደረጃው ላይ አስቀምጣ አነጋገረችው። ዓይኗ ከእንቅልፍ ማጣት ብዛት ቀልቷል፤ ምላጭ ከያዘ ሰው ጎን ተኝቶ ማንን እንቅልፍ ይወስደዋል?

«ልጅህ ነኝ ስትለው ክፉ ነገር አልተናገርክም» አለችው። «መታወቅ አምሮህ ነው። አይፈረድብህም። እኔስ መታወቅ አያምረኝም? ባለፈው ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? ‹እመቤት፣ ቤትዎ ይሂዱ፣ ባለቤትዎ ይቆጣል› አለኝ።» ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ ተሰበረ። «ምን ልበለው? ‹ባሌ ታጋሽ ነው፣ አይቆጣም› አልኩት። ደስ አለው። ‹እንኳን እንዲህ ያለ ሰው ሰጠዎት› አለኝ።»

«እማዬ...»

«ስማኝ። ልጅነትህን ማንም አይወስድብህም፣ ወልጄሃለሁ፣ እኔ አውቃለሁ። ለእሱ ግን የሚፈልገውን ሰው ሁንለት። ልጅ ሆነህ ከደጅ ከምትቆም፣ ባዳ ሆነህ ግባ።»

ልጁ ተነሥቶ ወደ ፀጉር ቤቱ ሄደና ትልቁን መስታወት ከግድግዳው አውርዶ ጓዳ ውስጥ ፊቱን አዙሮ አስቀመጠው። የአባቱን ወንበር ወደ መንገዱ አዞረው። ቤቱ ደርሶ የማይለብሰውን ኮት ከቁም ሣጥን አውጥቶ ለበሰ፤ ባርኔጣም አደረገ። ያ የሚያስፈራው ሰውዬ እንዳይመስል ነው። ከዚያ ሾፌሩን ላከው።

ሾፌሩ አንገቱ ላይ ፕላስተር ለጥፎ፣ በትሩን እየወዘወዘ፣ ከእጀ ቀላል ቤት በር ላይ ቆመ። «አንተ እጀ ቀላል! ሱቅህ በር ላይ ሥራ ፈላጊ ቆሟል፤ ትመጣለህ ወይስ ልመልሰው?»

ሥራ ፈላጊ በር ላይ ማቆም እሳቸው የሚችሉት ነገር አልነበረም። ተነሡ።

ልጁ ከሩቅ አያቸው። አንሰዋል። ነጭ ፂማቸው ጉንጫቸውን ሸፍኗል፤ አንድ እጃቸው ሚስታቸው ክንድ ላይ፣ አንድ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ምን ፈልገህ ነው ወንድሜ?»

ምስጋና ይግባው ለፈጣሪ! «ሥራ ፈልጌ ነው ጋሼ። ፀጉር አስተካካይ ነኝ።»

«ባርኔጣህን አውልቅ እስቲ።»

አወለቀ። ራሰ በራነቱን አዩ፣ አዩ፣ አዩ። ልጁ ያቺን የጥርስ ሐኪም ቀልድ ጠበቀ፤ ለመሳቅ ተዘጋጅቶ ነበር። ቀልዷ አልመጣችም። እሷም ሄዳለች። «ግባ» ብቻ አሉት።

ተቀመጡ። እጃቸው ከኪሳቸው ለመውጣት ዘገየ፤ እናቱና ሾፌሩ በሩ ላይ ቆመው ዓይን ዓይናቸውን ያያሉ። በመጨረሻ ምላጩ ወጣ፤ ሥራ ፈላጊ ያለ ምላጭ አይፈተንምና ለልጁ አቀበሉት። አንገታቸውን አስደገፉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ልጁ አልቸኮለም። ፎጣውን በሞቀ ውኃ ነክሮ ፊታቸው ላይ አለበሰና ፂሙ እስኪለሰልስ ጠበቀ። በመቀስ አሳጠረ፣ ሳሙናውን በብሩሽ እያዞረ ቀባ። ከጆሮ ግንድ ጀምሮ ወደ ታች፣ እሳቸው እንዳስተማሩት፣ ቆዳውን በሌላው እጁ ወጠር እያደረገ ላጨ። ከነጩ ፂም ሥር የአባቱ ፊት ቀስ በቀስ ወጣ፤ ከስቷል፣ ጉንጩ ጎድጉዷል፣ ግን አባቱ ናቸው። ጉሮሯቸው ጋ ሲደርስ እንባው ዕይታውን ሸፈነውና ምላጩን አንሥቶ ቆመ፤ በክንዱ ጠርጎ ቀጠለ። አባቱ ዓይናቸውን አልገለጡም።

«እጅህ ጥሩ ነው» አሉ በመሀል። «ማን አስተማረህ?»

«አባቴ ጋሼ።»

«አለ?»

«አለ።»

«ደግ» አሉ።

ጨርሶ ፊታቸውን በንጹሕ ፎጣ አደረቀ። ምላጩን አጥቦ፣ ጠርጎ፣ አጥፎ፣ እንደ ደንቡ ወደ እሳቸው ዘረጋ። የአባቱ መዳፍ አልተዘረጋም። ሁለቱም እጆቻቸው ጭናቸው ላይ ናቸው። ልጁ እንዳላዩት ገምቶ ጠጋ አደረገላቸው።

«አንተ ጋ ይቀመጥ» አሉ። «ደክሞኛል። ልጄ ሲመጣ ስጠው።»

«እሺ ጋሼ።»

«ለሌላ ሰው እንዳትሰጥብኝ።»

«አልሰጥም።»

እናቱ በሩ ላይ አጭር ድምፅ አሰማችና አፏን በእጇ ያዘች። አባቱ አልሰሟትም፤ ዓይናቸው መንገዱ ላይ ነበር። ወጣት ወጣቱ ሲያልፍ አናት አናቱን እየተከተሉ ያያሉ።

«ስለ ዘገየ እንዳትቆጣው» አሉ ቆይተው። «ልጅ ነው፣ ጨዋታ ይዞት ነው። ‹አባትህ ቆሞ ሲጠብቅህ ነበር፣ እግሩ ቢደክመው ነው የተቀመጠው› በለው።»

ልጁ ምላጩን ኪሱ ከተተ።

«እነግረዋለሁ ጋሼ» አለ።